እምነት የሚመጣው ከየትኛው መስማት ነው? «ጥቅሱን አርባ ጊዜ አውጁ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በወንጌላውያን አማኞች መካከል ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ እምነት ከመስማት ስለሆነ አንድ የተስፋ ጥቅስ ምረጡ፤ በቀን አርባ ጊዜ ጮክ ብላችሁ አውጁት፤ ሌሊትም ተኝታችሁ ሳላችሁ በስልካችሁ እየተደጋገመ ይሰማ። ጥቅሱ «ሎጎስ» (የተጻፈ ቃል) መሆኑ ቀርቶ «ሬማ» (ለእናንተ አሁን የተነገረ ሕያው ቃል) ሲሆንላችሁ እምነታችሁ ይሞላል፣ የጠየቃችሁትም ይሆናል። ዐውድና ታሪክ እያሉ ማጥናት «ፊደል» ነው፣ ፊደል ደግሞ ይገድላል። መልስ የዘገየበት ሰው እምነቱ ጎድሎ ነው። ቅባት ያለው አማኝም አስተማሪ አያስፈልገውም።

ጸሐፊው ቃሉን የሚወዱ ሰው እንደሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ብዙ አማኝ መጽሐፍ ቅዱሱን ከእሑድ እስከ እሑድ ሳይገልጥ በሚውልበት ጊዜ «ቃሉን በአፋችሁ አድርጉ» ማለታቸውም ያስመሰግናቸዋል። ነገር ግን የጠቀሷቸው ክፍሎች የተባለውን አይሉም፤ በዚህ መንገድ የሄደ ሰውም የሚጎዳበት ቦታ አለ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እንመልሳለን።

ዋናው መሠረታቸው ሮሜ 10፥17 ነው፦ «እንግዲያስ እምነት ከመስማት ነው መስማትም በእግዚአብሔር ቃል ነው።» ጸሐፊው «መስማት» ማለት ደጋግሞ መስማት ነው ይላሉ። በግሪኩ የተጻፈው «አኮኤ» የሚል ቃል ነው። ስም ነው፣ ግሥ አይደለም፤ ስለዚህ ስለ ድግግሞሽ የሚናገረው ነገር የለም። ቃሉ መስማትንም፣ የሚሰማውን መልእክትም ይገልጻል። አንድ ቁጥር ከፍ ብለን ብናነብ ይህ ግልጽ ይሆናል። በቁጥር 16 ጳውሎስ ኢሳይያስ 53፥1ን ጠቅሶ «ምስክርነታችንን ማን አመነ?» ይላል፤ እዚያ «ምስክርነት» ተብሎ የተተረጎመው ይኸው «አኮኤ» ነው። በተጨማሪም የቆዩት የግሪክ ቅጂዎች በቁጥር 17 መጨረሻ ላይ «በእግዚአብሔር ቃል» በማለት ፈንታ «በክርስቶስ ቃል» ይላሉ። እንግዲህ ጳውሎስ የሚናገረው ስለ ክርስቶስ የተላከ የምሥራች ተሰብኮ፣ ተሰምቶ፣ ታምኖ ሰዎች የጌታን ስም እንደሚጠሩ ነው። ከቁጥር 14 እስከ 15 ያለውን ሰንሰለት ተመልከቱ፦ ካልተላኩ እንዴት ይሰብካሉ፣ ያለ ሰባኪ እንዴት ይሰማሉ፣ ካልሰሙ እንዴት ያምናሉ። አንድ ሰው ለራሱ የመረጠውን ጥቅስ ለራሱ ጆሮ ማሰማቱ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ቦታ የለውም።

ከቁጥር 17 በኋላ ያለው ደግሞ ለጽሑፉ ሐሳብ ይበልጥ ይከብዳል። ጳውሎስ «ባይሰሙ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቅና ሰምተዋል ብሎ ይመልሳል። እስራኤል ሰሙ፣ ደጋግመውም ሰሙ፤ ምዕራፉ ግን እግዚአብሔር ቀኑን ሁሉ እጁን ወደማይታዘዝ ሕዝብ ዘርግቶ ነው የሚያበቃው። መደጋገም ብቻውን እምነት የሚወልድ ቢሆን ኖሮ ሮሜ 10 በሌላ መንገድ ይዘጋ ነበር። ዕብራውያን 4፥2ም በምድረ በዳ የነበሩት የሰሙት ቃል ያልጠቀማቸው «ከሰሚዎቹ ጋር በእምነት ስላልተዋሐደ» እንደሆነ ይነግረናል። የጎደላቸው ብዛት አልነበረም።

በሐዋርያት ዘመን «መስማት» በተግባር ምን ይመስል እንደነበር ማየትም ይጠቅማል። ሰው ሁሉ የግል መጽሐፍ አልነበረውም፤ ከተሰበሰበው መካከል አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል። ራእይ 1፥3 «የሚያነበው» ብሎ አንድ ሰው፣ «የሚሰሙት» ብሎ ብዙዎችን ብፁዓን የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ቆላስይስ 4፥16 መልእክቱ በቆላስይስ ከተነበበ በኋላ በሎዶቅያ እንዲነበብ ያዝዛል። ይነበብ የነበረው ከመጀመሪያው ሰላምታ እስከ መጨረሻው ቡራኬ ሙሉው ደብዳቤ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን በድምፅ መስማት ትልቅ በረከት ነው፤ ማንበብ ለማይችሉና ዓይናቸው ለደከመ ደግሞ ዋናው መንገዳቸው ነው። ነገር ግን ነቅታችሁ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ ስሙት። አእምሮ በእንቅልፍ ላይ ሳለ አንዲት ዐረፍተ ነገር ሲደጋገም ቢያድር ሰሚው አልተረዳም፣ አልጠየቀም፣ አልታዘዘም።

ታዲያ ቃሉን መደጋገም ከንቱ ነው? በፍጹም። በዚህ ነጥብ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። በመዝሙር 1፥2 «ያሰላስላል» የተባለው የዕብራይስጡ «ሃጋ» ዝቅ ባለ ድምፅ ማጉረምረም ማለት ነው፤ ኢሳይያስ 31፥4 አንበሳ በንጥቂያው ላይ ሲያገሣ ይኸንኑ ቃል ይጠቀማል። በእኛም ዘንድ «ዳዊት መድገም» የሚል አባባል ያለው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ዳዊት የሚደግም ሰው መዝሙሩን ከነለቅሶው ይደግመዋል። 13ኛውን መዝሙር ውሰዱ (በግዕዙ ዳዊት 12ኛው ነው)። ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች «እስከ መቼ» የሚለው ጥያቄ አራት ጊዜ ይመላለሳል። በ3 እና በ4 ልመና ይከተላል፤ በ5 ላይ «እኔ ግን» የሚል ቃል ይመጣና መታመንና መዝሙር ይጀምራል። አምስተኛውን ቁጥር ብቻ ቆርጦ አርባ ጊዜ ያወጀ ሰው «ግን» የተባለው ከምን ተነሥቶ እንደሆነ አያውቅም። ስድስቱንም በቀን ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ የደገመ ሰው ግን ለቅሶውን ወዴት ይዞ እንደሚሄድ ይማራል። እምነት ሲያድግ የምናየው በዚያች «ግን» ላይ ነው፤ ከቁጥር 1 እስከ 4 ያለው ሳይነገር አትገኝም።

ሁለተኛው ነጥብ «ሎጎስ» እና «ሬማ» ነው። ሎጎስ የተጻፈው ቃል፣ ሬማ ለእኔ አሁን የተነገረው ሕያው ቃል ነው የሚለው ክፍፍል ከመድረክ ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ አዲስ ኪዳን ግን አያውቀውም። በ1ኛ ጴጥሮስ 1፥23 ዳግመኛ የተወለዳችሁበት «ሕያው» ቃል የተባለው ሎጎስ ነው፤ ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ በ25 ያንኑ ቃል ሬማ ይለዋል። በሐዋርያት ሥራ 10፥44 ጴጥሮስ የሚናገራቸው ነገሮች ሬማ ናቸው፣ አድማጮቹ የሰሙት ደግሞ ሎጎስ ነው፤ ስብከቱ ግን አንድ ነው። በማቴዎስ 12፥36 ሰዎች የሚናገሩት ከንቱ ነገር ራሱ ሬማ ተብሏል። ከንቱ ወሬም ሬማ ከተባለ ቃሉ በራሱ «የተገለጠ» የሚል ትርጉም ሊኖረው አይችልም። መንፈስ ቅዱስ የተጻፈውን ቃል በልባችን ሕያው እንደሚያደርግ እናምናለን፤ ለዚህ እምነት ግን የቃላት ክፍፍል አያስፈልገንም። ክፍፍሉ የሚያመጣው ጉዳት ደግሞ አለ። ሰዎች የተጻፈውን እንደ በድን ቆጥረው ልባቸውን ሞቅ የሚያደርግ ስሜት ፍለጋ ይገባሉ፤ ስሜቱ ባልመጣበት ቀን እግዚአብሔር ዝም ያለ ይመስላቸዋል።

ሦስተኛው «ፊደል ይገድላል» የሚለው ነው። ይህንን 2ኛ ቆሮንቶስ 3 ራሱ ይመልሰዋል፤ በቁጥር 3 እና 7 እንደምናነበው ፊደል የተባለው በድንጋይ ጽላት የተቀረጸው ሕግ ነው። ሰው ሊፈጽመው ስላልቻለ የሚኮንነውን ሕግ ይናገራል እንጂ መጽሐፍን በጥንቃቄ ማንበብ ይገድላል አይልም።

ጸሐፊው እንደ ምሳሌ ያቀረቡት ጥቅስ ኤርምያስ 29፥11 ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ጥናት እምነትን እንደሚገድል ወይም እንደሚወልድ የሚታየው በዚህ ክፍል ነው። «የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም» የሚለውን ጥቅስ ለሥራ፣ ለትዳርና ለቪዛ እንድናውጅ ይመክራሉ። ጥቅሱ የተወሰደው ከደብዳቤ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ናቡከደነፆር ንጉሡን ኢኮንያንን፣ ሹማምንቱንና የእጅ ባለሙያዎቹን ወደ ባቢሎን ከወሰደ በኋላ ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም ለምርኮኞቹ ላከው። ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ ሐናንያ የሚባል ነቢይ በቤተ መቅደስ ቆሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ምርኮኞቹ ሁሉ ይመለሳሉ ብሎ በእግዚአብሔር ስም አውጆ ነበር። ሕዝቡ ሊሰማው የሚወደው ቃል እርሱ ነበር። ሐናንያም ለባቢሎን የመገዛት ምልክት ሆኖ በኤርምያስ አንገት ላይ የነበረውን ቀንበር ወስዶ በሕዝቡ ፊት ሰበረው። በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሐናንያ ሞተ።

የኤርምያስ ደብዳቤ የደረሰው ይህንን የመሰለ ተስፋ ለሰሙ ሰዎች ነው። ደብዳቤው ቤት ሥሩ፣ አትክልት ተክላችሁ ፍሬዋን ብሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ላላችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላል። በቁጥር 10 ደግሞ ሰባ ዓመት ሲፈጸም እመልሳችኋለሁ ይላል። ቁጥር 11 የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ደብዳቤው ሲነበብ አርባ ዓመት የሞላው ምርኮኛ ኢየሩሳሌምን ዳግመኛ እንደማያይ ወዲያው ገባው። ከእርሱ የተጠየቀው እምነት ለልጅ ልጆቹ ሲል ባቢሎን ላይ ችግኝ መትከል ነበር። ቁጥር 10ን ዘልሎ ቁጥር 11ን የሚያውጅ ሰው ሳያውቀው የሐናንያን መልእክት በኤርምያስ አንደበት ይናገራል። ይህንን የምንለው በሐዘን ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ዓመት ጠብቆ ያልሆነለት ሰው የሚጣላው ከጥቅሱ አቀራረብ ጋር አይደለም፣ ከእግዚአብሔር ጋር ነው።

ይህ ማለት ጥቅሱ ለእኛ አይደለም ማለት ነው? አይደለም። እግዚአብሔር በገዛ ኃጢአታቸው የተማረኩትን እንኳ እንዳልጣለ፣ ቁጣውም ዕድሜ እንዳለው ያሳየናል። ይህንን ደብዳቤ በትክክል አንብቦ ያመነ አንድ ሰው ደግሞ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለን። ዳንኤል 9፥2 ዳንኤል በኤርምያስ የተነገረውን ሰባ ዓመት ከመጻሕፍት እንዳስተዋለ ይናገራል። ቍጥሩን አይቷል፣ ዘመኑን አስልቷል፤ ጸሐፊው «ፊደል» የሚሉትን ሥራ ሠርቷል። ከዚያስ ምን አደረገ? በቁጥር 3 ማቅ ለብሶ፣ ጾሞ፣ ወደ ጌታ ፊቱን አቀና፤ ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ጸሎት ኃጢአትን መናዘዝ ነው፣ መጨረሻውም ምሕረት መለመን። ተስፋው እንደተጻፈ ስላመነ ለመነ። ቃሉን ለእግዚአብሔር ትእዛዝ አድርጎ አላወጀበትም።

አራተኛው ነጥብ ያስጨንቀናል። መልስ ካልመጣ እምነትህ ጎድሏል፤ ሕመሙን በአፍህ ማመን ወይም መድኃኒት መያዝ ጥርጣሬ ነው ይላሉ። ሮሜ 4፥19 ስለ አብርሃም የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው፤ መቶ ዓመት የሞላው ሥጋውና የሣራ ማኅፀን ምውት መሆናቸውን በእምነቱ ሳይደክም ተመለከተ። ያለውን እውነት ዓይኑን ገልጦ አየ፣ ተስፋ የሰጠውንም አመነ። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ስለ ደጋግሞ መታመሙ ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲጠቀም መከረው (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ጥሮፊሞስን ታሞ ሳለ በሚሊጢን ተወው (2ኛ ጢሞ. 4፥20)። ማንኛቸውንም «እምነትህ ጎድሎ ነው» አላላቸውም። ጌታም «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ያለውን አባት መጀመሪያ እምነትህን ሙላ አላለውም፤ ልጁን ፈወሰለት። የእምነት ኃይል ከመጠኑ ሳይሆን ከሚያምኑት ጌታ ስለሆነ የሰናፍጭ ቅንጣት በቃች።

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢያቋርጥ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እንደገና ይበዛል፤ ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልገው የስኳር ሕመምተኛ ቢተው በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። እግዚአብሔር ይፈውሳል ብለን እናምናለን፣ እንጸልያለንም። ተፈውሻለሁ የሚል ሰው ይመርመር፤ ጌታም ለምጻሞቹን ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ ልኳቸዋል። መድኃኒቱን የሚያቆመው ሐኪሙ ነው። ማንም አገልጋይ ለማንም ሰው «መድኃኒትህን ጣል» ማለት የለበትም።

«አስተማሪ አያስፈልግም» የሚለው የተወሰደው ከ1ኛ ዮሐንስ 2፥27 ነው። ከፍ ብሎ ቁጥር 26 የሚያስቱ ሰዎች ስለነበሩ እንደተጻፈ ይናገራል፤ ዮሐንስም በዚያው ደብዳቤ እያስተማረ ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ ቅርብ የሆነ ምስክር በሐዋርያት ሥራ 8 አለ። ጃንደረባው በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነብ ነበር፤ ፊልጶስ የሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ስላነበበ ነው። «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲባል «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። ቀጥሎ የጠየቀውም ጥሩ ተማሪ የሚጠይቀውን ነው፦ ነቢዩ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ? ፊልጶስ ከዚያ ክፍል ጀምሮ ስለ ኢየሱስ ነገረው፤ ሰውየውም አምኖ ተጠመቀ፣ ደስ እያለውም መንገዱን ሄደ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤቶችም ንባብ ያለ መምህር አይተረጎምም፤ ብሉዩም ሐዲሱም የየራሱ ጉባኤና መምህር አለው። በደርግ ዘመን ደግሞ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ተዘግታ ንብረቷ ሲወረስ አማኞች በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ ቃሉን ያጠኑ ነበር፤ በሮቹ በ1983 ዓ.ም. ሲከፈቱ የአባላቱ ቁጥር ከተዘጋችበት ጊዜ በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ።

ተግባራዊው ጥያቄ ይቀራል፦ በቀን ግማሽ ሰዓት ያለው ሰው ምን ያድርግ? ከፊልጵስዩስ ይጀምር፤ አራት ምዕራፍ፣ 104 ቁጥር ነው። በመጀመሪያው ቀን ሳያቋርጥ ጮክ ብሎ ሙሉውን ያንብበው፤ ከግማሽ ሰዓቱ አያልፍበትም። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ፤ ቢቻል አንዱን ቀን ከ1954ቱ ትርጉም፣ ሌላውን ከአዲሱ መደበኛ ትርጉም። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ አንድ አንቀጽ ብቻ ይያዝና በደብተር አራት ነገር ይጻፍ፦ ማን ለማን ይናገራል፤ «ስለዚህ»፣ «ግን»፣ «ምክንያቱም» የሚሉት ማያያዣዎች ምንን ከምን ያገናኛሉ፤ እግዚአብሔር ምን አደረገ ተብሏል፤ እኔ ምን እንዳደርግ ታዝዣለሁ። ሦስተኛውን ከአራተኛው ማስቀደም ይገባል፤ ትእዛዝ ብቻ እየለቀመ የሚያነብ ሰው በሦስት ሳምንት ውስጥ ይደክመዋል፣ ማንበብም ጥፋቱን እንደ መቁጠር ይሆንበታል። ከዚያ የጻፈውን መልሶ ይጸልየው።

ወደ 4፥13 ሲደርስ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚለውን ከቁጥር 10 እስከ 14 ካለው ጋር አብሮ ያጥናው። «ሁሉን» የተባለው መጥገብና መራብ፣ መብዛትና መዋረድ ነው፤ ጸሐፊው ጳውሎስ በእስራት ላይ ነው፣ የሚያመሰግነውም በመከራው ስለተካፈሉት ነው። አንቀጹን በሙሉ በቃል መያዝ ከአንድ ጥቅስ ጥቂት ቀን ይበልጥ ይወስዳል፤ ደመወዝ በዘገየበት ወር ግን ሙሉው አንቀጽ በአፍ ላይ ይገኛል።

ከዚያ በኋላ ለሚቀጥል ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ብዙዎች መስከረም 1 «ሙሉውን በዓመት» ብለው ይጀምራሉ። 1,189 ምዕራፍ ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን ከሦስት በላይ ነው፤ ዘፍጥረትና ዘፀአት 90 ምዕራፍ ስለሆኑ ሰውየው በወሩ መጨረሻ ዘሌዋውያን ላይ ይደርሳል፣ ብዙውም እዚያ ይቆማል። ለመጀመሪያ ዓመት አዲስ ኪዳን ይበቃል፦ 260 ምዕራፍ፣ በሳምንት አምስት ቀን አንድ አንድ ምዕራፍ፣ በ52 ሳምንት ያልቃል። ቅዳሜ መዝሙር ይነበብ። እሑድ በሳምንቱ ያልገባውን ጥያቄ ይዞ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰው ጋር ይቀመጥ፤ አንድ ሰው ምዕራፉን ያንብብ፣ ሌላው ጥያቄውን ያቅርብ፣ መልሱ መጀመሪያ ከዚያው ምዕራፍ ይፈለግ። ሳያነብ ያለፈው ቀን ካለ ለማካካስ በአንድ ጊዜ ስድስት ምዕራፍ አይሩጥ፤ ካቆመበት ገጽ ይቀጥል።